እትዬ ጭብጥ የመጨረሻውን ተራ የወሰደችበት በጋ

ዋርሳዬን ሰው ሁሉ «ጭብጥ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ላይኛው ጎረቤታችን ነው። እርሻው ከቦዩ አፍ ላይ ስለሆነ ውኃውም ወሬውም መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው፤ እኛ ጋ የሚመጣው ከሱ የተረፈው ነው። እኔ የባሌ ታላቅ እህት ስለሆነች «እትዬ» እላታለሁ፤ አንዳንዴ ግን ሳላስበው «እትዬ ጭብጥ» ይወጣኛል። አትቆጣም። የምትቆጣበት ጉልበት ካላት ለዶማው ታስቀምጠዋለች።

ስሙ የወጣላት በልማዷ ነው። ጠዋት እርሻዋ ስትደርስ መጀመሪያ የምታደርገው ፌሮዋን መሬት ውስጥ መስደድ ነው። ፌሮው ከሕንፃ ሥራ የተረፈ፣ ጫፉ የተሞረደ፣ ላዩ እንደ ከዘራ የታጠፈ ብረት ነው። መሬቱ እርጥብ እስከሆነበት ድረስ ይገባል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በዶማ እስከ ክርኗ ድረስ ትቆፍርና ከታች አፈር ዘግና ትጨብጣለች። ጣቶቿን ስትከፍት አፈሩ እንደ እንቁላል ተያይዞ ከቆየ ስንዴው ውኃ አያሻውም። ከተበተነ ጠምቶታል ማለት ነው።

ጎረቤታችን ይህን ያየ ቀን ከአጥሩ ማዶ፣ «እቴ፣ መሬቱን እየጨበጥሽ ሰላም ትይዋለሽ እንዴ?» አላት።

«ምን ላድርግ፣ አንተ ሳትሰናበተው እየሄድክ ተቀየመ» አለችው።

እሱም ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ጸና።

ልጅ ሆና ነው የተዳረችው፤ ባሏ ሾፌር ነበር። ብዙ ዓመት ከተማ ኖራ ስትመለስ የያዘችው አንድ ሻንጣና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልጅ አልተወለደም፤ ሰውየውም ሌላ አገባ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አውርታ አታውቅም፣ እኛም ጠይቀን አናውቅም። ያኔ አማቴ፣ የሷና የባሌ አባት፣ በሕይወት ነበሩ። መሬታቸውን ሲያካፍሉ ለባሌ ከቦዩ መሃል፣ ለእሷ ከጭራው ሰጧት። ጭራው ሸክላ አፈር ነው። ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ እንደ ተሰበረ ሳህን ይሰነጠቃል። ሲሰጧትም እንዲህ አሉ፦ «ራሱን እስከቻለ ድረስ ያንቺ ነው። ካልቻለ ለወንድምሽ።» ይህን ሲሉ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ክፉ ቃል አልመሰለኝም። ቃል ክፋቱ የሚታወቀው ጊዜው ሲደርስ ነው።

እኛ አገር ስንዴ የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃና ብርዱ ሲገባ ነው። ከላይ የሚወርድ ነገር የለም፤ ሁሉም የሚኖረው ከግድቡ በሚመጣው በአንድ ቦይ ነው። ድሮ ግድቡ ሙሉ ሳለ ተራው የደረሰው ሰው በሩን ከፍቶ ይተኛ ነበር። ስንዴው እስኪዋኝ ድረስ ይጠጣል፣ የተረፈው መንገዱን ያጨቀያል፣ እኛም ጫማችንን እያወለቅን እንሻገራለን። ከዚያ ዝናቡ ዓመት ባመት እያነሰ መጣ። የግድቡ ግንብ ከውስጥ በኩል መታየት ሲጀምር የውኃ ማኅበሩ አንዲት የእርሻ ባለሙያ አስመጣ።

ባለሙያዋ የላስቲክ ቦት ያደረገች ወጣት ናት። መጋዘኑ ጥላ ሥር ሰብስባን፣ ስንዴ ሁልጊዜ እኩል አይጠማም አለች። ውኃ የማይነፈግበት ጊዜ አለው፤ አንዱ ከበቀለ በኋላ ሥር ሲይዝ ነው። «ሌላው ደግሞ ሲያረግዝ ነው። ስንዴ ሲያረግዝ ውኃ አትንሱት!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ከማን ነው የሚያረግዘው?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ባለሙያዋ ራሷ ሰሌዳውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ አንድ የስንዴ አገዳ አንስታ አሳየችን። ዛላው ከመውጣቱ በፊት በላይኛው ቅጠል እቅፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ያብጣል፤ እርግዝና የምትለው ያንን ነው። ያን ጊዜ ከተጠማ ዛላው ይወጣል፣ ፍሬው ግን ባዶ ይሆናል። በቀትር ቅጠሉ ቢጠቀለል አትደንግጡ፣ በቀትር ስንዴ ይዋሻል፤ እውነቱን የሚናገረው ጠዋት ነው አለች። ጠዋትም እንደተጠቀለለ ካገኛችሁት በእርግጥ ጠምቶታል። ፌሮውንና ጭብጡንም ያሳየችን እሷ ናት። ብዙዎቻችን ሰምተን ቤታችን ገባን። ዋርሳዬ ግን ፌሮ ፍለጋ ሄደች።

አምና ታዲያ ያው ጭብጥ ጉድ ሠራት። እርሻዋ የምትገባው በቦዩ ዳር ባለችው መንገድ ነውና ፌሮዋንም የምትሰደው እዚያው ዳር ላይ ነበር። ያ ዳር ደግሞ ቦዩ እያዠ ሁልጊዜ ይረጥባል። ስትጨብጠው ይያያዛል፤ «እርጥብ ነው» ትልና ተራዋን ታሳልፋለች። መሃሉና የወዲያኛው ጫፍ ግን እየነደደ ነበር። አጭዳ ያገኘችው ገለባ ነው። ባለሙያዋ መጥታ አየችና ትከሻዋን ይዛ፣ «እትዬ፣ ሲጨብጡ የከረሙት እኮ የቦዩን እጅ ነው» አለቻት። ዋርሳዬም፣ «እኔስ ምነው እጁ ለሰለሰ ብዬ ነበር» አለች። መሳቋን አየሁ፤ ማታ ግን እራቷን አልቀመሰችም።

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ከመንገዱ ማዶ የጡብ ምድጃ ያላቸው ሰውዬ የጭራውን አፈር ከፈለጉት ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ሸክላ በአካባቢው የለም ይላሉ። ዘንድሮ ስንዴው በተዘራ ሰሞን ባሌ ሻይ እየጠጣን አነሳው።

«እትዬ፣ ዘንድሮም እንደ አምናው ከሆነ መሬቱን ለጡበኛው እሰጣለሁ። የአባባም ቃል እንደዚያ ነው።»

«እሺ» አለች።

እሷ ዘንድ «እሺ» ማለት «ሰምቻለሁ» ማለት ነው እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም። ጡበኛው ከገቡበት መሬቱ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ ተመልሶ እርሻ አይሆንም። እሷም ጎጆዋን ዘግታ ከስፌት መኪናዋ ጋር እኛ ጓዳ ትገባለች። በእኔ በኩል ክፋት የለውም፤ ጓዳው ይበቃል። ግን ሰው ቤት የሚያድር ሰው እግሩን ሰብስቦ እንደሚተኛ አውቃለሁ።

ስንዴው ሲዘራ አንዴ፣ ሥር ሲይዝ አንዴ ጠጣ። ከዚያ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በግድቡ የቀረው ውኃ ለእያንዳንዱ እርሻ ለአንድ ተራ ብቻ እንደሚበቃ ነገረን። እንዳንጣላ ደግሞ ተራው በዕጣ ይሁን አለ። ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈው ኮፍያ ውስጥ ጨመሩት።

ዋርሳዬ እጇን ሰዳ ያወጣችው አንድ ቁጥርን ነው።

«ጭራው ለአንዴም ቢሆን ራስ ሆነ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሰው አጨበጨበላት። ላይኛው ጎረቤታችን ደግሞ የመጨረሻው ደረሰው። ዕድሜውን ሙሉ መጀመሪያ የጠጣ ሰው ነው። ጀርባው ላይ ሌላ ቁጥር ያለ ይመስል ቆርኪውን እያገላበጠ አየው። የሱ መሬት አሸዋ ነው። ዛሬ ቢያጠጡት ነገ ረስቶት ያድራል። የመጨረሻው ተራ እስኪደርስ ስንዴው እንደማይጠብቀው ሁላችንም አውቀናል።

ባሌ ወደ ቤት ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፏጭ ሰማሁት። «ነገ በጠዋት አካፋ ይዤ እመጣለሁ» አላት። እሷ ግን ቆርኪውን ጨብጣ ነበር የምትሄደው። ስንዴዋ ገና ቅጠል እያበዛ ነው፤ እርግዝናው ሩቅ ነው። ያላትን አንድ ተራ አሁን ካጠጣችው፣ በሚያስፈልገው ጊዜ ምንም የላትም። ካላጠጣችው ደግሞ እስከዚያ ይቆይ አይቆይ በምን ታውቃለች? አምና አፈሩን ብታምነው ዋሽቷታል።

ቤት ሳንገባ ከእርሻዋ የወዲያኛው ጥግ ላይ አንድ ሰው ሲቆፍር አየን። ጡበኛው ናቸው። ባሌ ፊቱን አዞረ። «አፈሩን ልየው ብቻ ሲሉኝ ጊዜ እሺ ብያቸው ነው» አለና ቀድሞን ሄደ።

እሷ ወደ ጉድጓዱ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። ጡበኛው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጥፍራቸው ውስጥ ቀይ አፈር የማይጠፋ ሰው ናቸው። ደረታቸው ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ነበር።

«ጋሼ፣ ሳልሞት መቃብሬን ይቆፍሩልኛል?» አለቻቸው።

«ኧረ በስመ አብ! ወንድምሽ ፈቅዶልኝ ነው እኮ፣ ልጄ። እኔ የሰው ነገር አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ጭቃ ነው።»

ከጉድጓዱ ሥር አፈር ዘገኑ። ጨበጡት። ጣታቸውን ሲከፍቱ አፈሩ ክብ ሆኖ ቆየ። ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያቀበሉ ጥቂት አጫወቱትና ጠርዙ ላይ አስቀመጡት። ዋርሳዬ ያንን እንቁላል የመሰለ አፈር አፍጥጣ ታየዋለች። የሷው ሥራ ነው፤ በሰው እጅ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«ለአሁን አይሆንም» አሉ ጡበኛው። «ከላይ ደርቋል፣ ከታች ግን ገና ጭቃ ነው። ይህ አፈር እንደ ስስታም ነው፤ አንዴ የያዘውን ውኃ ቶሎ አይለቅም። ሲደርቅ እመለሳለሁ።»

«ይውጡ እስቲ፣ ጋሼ።»

እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸውና ቀሚሷን ሰብስባ ራሷ ወረደች። የጉድጓዱን ግድግዳ በጣቷ ዳሰሰችው። ነጭ፣ እንደ ክር የቀጠነ ሥር ከላይ እየወረደ ወገቧ ድረስ ደርሷል። ስንዴው እኛን ሳያማክር ውኃውን ተከትሎ ወርዷል። ይህ ጥግ ደግሞ ከቦዩ የራቀው ጥግ ነው፤ የቦዩ እጅ እዚህ አይደርስም። ጨበጠች፣ ከፈተች። ደግማ ጨበጠች።

«ጋሼ፣ ይህ መቼ የሚደርቅ ይመስልዎታል?»

«ይቺ ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል ይቆያል። ከዚያ ወዲያ አልምልልሽም።»

ከጉድጓዱ ወጥታ ጭቃዋን እንኳ ሳታራግፍ ቀጥታ ላይኛው ጎረቤታችን ቤት ሄደች። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቆርኪውን እያየ ነበር።

«ተራ እንለዋወጥ» አለችው።

«ምን?»

«አንዱን ውሰድ፣ መጨረሻውን ስጠኝ።»

ከእግር እስከ ራሷ አያት። «እቴ፣ ከዚህ ውስጥ ያለው ተንኮል የት ጋ ነው?»

«ተንኮል የለውም። አንተ አሸዋ ነህ፣ እኔ ሸክላ ነኝ።»

«አሸዋ አልሽኝ?»

«መሬትህን ነው ያልኩት።»

ሚስቱ ከውስጥ፣ «እሱንም ቢሆን አልተሳሳትሽም! የነገርኩት ሁሉ ወዲያው ይሰርጋል!» ብላ ጮኸች።

ቆርኪዎቹን ተለዋወጡ። እሱ እጇን ሲጨብጥ ጭቃው እጁ ላይ ቀረ። «አሁን እኔንም ጨበጥሽኝ» አለና ሳቀ። ግን በደንብ አልሳቀም። የሰው ዕድል የወሰደ ሰው ሳቅ ነበር።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ባሌ ቆሞ ነው የጠበቀን።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች።

«ዕድል እጅሽ ድረስ መጥቶ ጣልሽው! ለዚያውም ለሱ! ምን ነክቶሽ ነው?»

«ስንዴው ገና ነው። የሚፈልገው ሲያረግዝ ነው። አፈሩ እስከዚያ ይይዝለታል፤ አይቼዋለሁ፣ ጨብጬዋለሁ።»

«ጭብጥ፣ ጭብጥ፣ ጭብጥ! ጭብጥ የሌለው ነገር! አንቺ ስለ እርግዝና ምን ታውቂያለሽ?»

እሳት ላይ የነበረው ማንቆርቆሪያ ይንጫጫል። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም እንደሰማው ከፊቱ አወቅሁ፤ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። እሷ ከቀሚሷ ጫፍ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ አንድ በአንድ ፈረፈረች፤ ፍርፋሪውን ከወለሉ ላይ ሰብስባ በመዳፏ ያዘችው።

«እሺ» አለችና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። መጠበቅ ምን ይወራለታል? ሌሎቹ በየተራቸው አጠጡ። እርሻቸው ለምለም ሆነ። ጭራው ብቻ አመድ የመሰለ አረንጓዴ ነበር። በቀትር ቅጠሉ ሁሉ ተጠቅልሎ እንደ መርፌ ይቆማል፣ መንገደኛውም አፉን አያርፍም።

«እቴ፣ ስንዴሽ ዣንጥላውን አጠፈ እኮ!»

«ፀሐይ ሲበርድ ይዘረጋዋል።»

እውነትም አመሻሹ ላይ ይዘረጋው ነበር። ጠዋት ማልዳ እየሄደች ታየዋለች፤ በጠዋት ተዘርግቶ ካገኘችው ቁርሷን ትበላለች። ፌሮዋን አሁን ቦዩ ዳር አትሰደውም፤ መሃሉ ላይ፣ ጥጉ ላይ፣ እየተዟዟረች ትወጋለች። ብረቱ የሚቆምበት ቦታ ግን ከቀን ወደ ቀን እየራቀ ሄደ። ባሌና እሷ አይነጋገሩም። የሚፈልገውን በእኔ በኩል ይልካል። «እትዬን ጆንያ ትፈልጊያለሽ ወይ በያት» ይለኛል፤ እሷ እኮ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣለች። አንድ ቀን ደከመኝና፣ «አንደበት የሰጠህ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ? ራስህ ጠይቃት» አልኩት። አልጠየቃትም።

አንድ ጠዋት ሳትመለስ ቀረች። ፈልጌ ስሄድ እርሻው መሃል ተንበርክካ አገኘኋት። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ የጥጉ ስንዴ ግን እንደተጠቀለለ ነው። በጠዋት ደግሞ ስንዴ አይዋሽም።

«ነይ» አለችኝ። «ንኪው። ሆዱን ንኪው።»

አንድ አገዳ ይዤ ላይኛውን ቅጠል በሁለት ጣቴ ዳሰስኩት። ውስጡ ለስላሳ፣ ሞላ ያለ ነገር አለ።

«አርግዟል» አለች።

ውኃው የሚለቀቀው በማግስቱ ነበር። ያን ዕለት ለባሌ እንዲህ አልኩት፦ «ጥጉ ተጠምቷል፤ ሌላው ግን ደህና ነው። አርግዟል። የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ቀድማ ያወቀችው ግን እህትህ ናት።» ሌላ አልጨመርኩም። ባሌ ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰብን። ቦይ ጠባቂው የብረት መዝጊያውን እያነሳ፣ «የቀረው የግድቡ ታች ነው፤ ግማሹ ጭቃ ነው። እስከ ጭራው ይድረስ አይድረስ ዋስ አልሆንም» አለ። ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ ገለባና አረፋ ከፊቱ እየገፋ መጣ። ላይኛው ጎረቤታችን አካፋውን ይዞ ውኃ ወደ እርሻው በሚገባበት በራፍ ላይ ቆሟል። ስንዴው አንዴ ጠጥቶ ተርፏል፤ አሸዋ ግን ጠግቤያለሁ አይልም። አንድ ጊዜ በአካፋው ቢገፋው ውኃው ወደሱ ይዞር ነበር። ማን ያየዋል? ያየውስ ማን ይናገረዋል?

እሱ ጆንያ አመጣ። በራፉ ላይ ወተፈና በእግሩ ረገጠው።

«እቴ፣ ሂጂ አንቺ፣ ጭራው ጋ ጠብቂው» አለ። «እኔ ከኋላው እየተከተልኩ አመጣዋለሁ። የሰው ዕድል በልቼ የሰው ውኃ አልደግምም።»

የአይጥ ጉድጓድ ባየ ቁጥር በጭቃ እየደፈነ ቦዩን ተከትሎ ወረደ። የጭራው ቦይ ውኃ ካየ ቆይቶ ስለነበር ተሰነጣጥቋል። እያንዳንዱ ስንጥቅ የድርሻውን ጠጣ። ውኃው ይቆማል፣ ይሞላል፣ እንደገና ትንሽ ይሄዳል። እርሻዋ ሲደርስ የቀጠነ ነገር ሆኖ ነበር።

ያኔ ነው ባሌን ያየሁት። አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በወዲያኛው መንገድ መጣ። ሰላም አላለም። ውኃው ፊት ቆመና አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«እትዬ፣ ከየትኛው ትልም ልጀምር?»

ቀና ብላ አየችው። ያን ቀን «እሺ» ብላ ከወጣች ወዲህ በራሱ አፍ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነው።

«አንዱን ዝለልና አንዱን» አለችው።

«ሁሉንም ብናጠጣው አይሻልም?»

«ለሁሉም አይበቃም። ሸክላ ነው፤ የጠጣው ለጎረቤቱ ያካፍላል።»

ባለሙያዋ ያስተማረችው ነው። ስንዴው በመስመር ነው የተዘራው፤ በመስመሮቹ መካከል ትልም አለ። ውኃውን በአንዱ ትልም ሰዶ ቀጣዩን በደረቁ ማለፍ፤ ከዚያ ደግሞ በሦስተኛው መስደድ። ባሌ ሳይጠይቅ ሠራ። እሱ ይከፍታል፣ እሷ ትዘጋለች፣ እኔ ጆንያ አቀብላለሁ። ውኃው ትልሙን ይዞ ሲሄድ ከዳርና ከዳር ያለው አፈር እየጠቆረ፣ እየጠቆረ፣ የደረቀው ትልም ድረስ ሲደርስ አየሁት። አያምርም አልልም።

ጥጉ ላይ ሳይደርስ ውኃው አለቀ። ሦስታችንም ቆመን ጠበቅነው፤ አልመጣም። ባሌ፣ «በባልዲ ላምጣ?» አለ።

«ተወው» አለችው። «ለዚያ ጥግ ዝናብ እንጂ ባልዲ አይደርስለትም። አንተም ወገብህን ታጣዋለህ።»

ተአምር አልሆነም። ምርቱ እንደ ደህናው ዘመን አልነበረም፤ ከላይኛው ጎረቤታችንም ብዙ አይበልጥም። ዛላውን በመዳፌ አሽቼ ስነፋው ግን ገለባው በኖ ፍሬው ቀረ፤ ሞላ ያለ ነበር። መሬቱ ራሱን ቻለ። ጥጉ ብቻ ባዶ ዛላ ይዞ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ፍሬ የሌለው ዛላ አንገቱን አይደፋም።

ጡበኛው እንዳሉት አፈሩ ሲደርቅ ተመለሱ። የመጡት ወደ ባሌ ነው። ባሌ የሚያጭደውን ሳያቆም፣ «ባለቤቷ እሷ ናት፣ እሷን ያነጋግሩ» አላቸው። ይህን ሲል ድምፁ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር፤ እንድትሰማው ብሎ ይመስለኛል። ሰምታለች። ማጭዷ ትንሽ ቆመና እንደገና ሄደ።

ጡበኛውን ይዛቸው ወደ ጥጉ ሄደች።

«ይችን ጥግ ይውሰዱ» አለቻቸው። «እስከዚህች ድንጋይ ድረስ ብቻ። ግን ሥሩን ደልድለው፣ ጠቅጥቀው ይተዉልኝ። በቦዩ በኩልም አፉን ይክፈቱልኝ።»

«ለምንሽ?»

«ይህ አፈር ውኃ አይለቅም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

ጡበኛው መሳቅ ጀመሩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉድጓዴን ኩሬ ልታደርጊው ነው?»

«ጡቡን ይውሰዱ፤ ጉድጓዱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

አሁን ጉድጓዱ አለ። አራት ማዕዘን ነው፣ ወለሉ እንደ ጭቃ ቤት መሬት ተጠቅጥቋል። ላይኛው ሰው ሲያጠጣ የሚተርፈው፣ ድሮ መንገዱን ያጨቀይ የነበረው ውኃ ወደዚያ እንዲወርድ ባሌ ቦዩን አስረዘመው። ዝናብ ገና ነው። ይሞላም ይሆናል፣ ላይሞላም ይችላል፤ እኔ ብዙ ነገር ይሞላል ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ።

ትናንት ሳልፍ ዋርሳዬ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ፌሮዋን ግድግዳው ላይ አቁማ አየኋት። ወለሉን እየዳሰሰች ነበር። ላይኛው ጎረቤታችን ከመንገዱ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እቴ፣ ከዚያ ታች ደግሞ ማንን ነው ሰላም የምትይው?» አላት።

የመለሰችለትን አልሰማሁም። እሱ ግን እስከ ቤቱ ድረስ እየሳቀ ነው የሄደው።